ስለ አስፈሪ ጨዋታና ስለ ሌላ ሰው ሕመም

በጠረጴዛ ዙሪያ ከሚደረጉት ጨዋታዎች መካከል አንዱ ያለ ካርታና ያለ ጠጠር በቃል ብቻ የሚደረግ ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ የአንድ ሰው ሚና ይይዛሉ። ተራኪው «በሩ ተከፍቷል፤ ከውስጥ መጥፎ ሽታ ይመጣል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ «እገባለሁ» ይላል፤ ሌላው «ፋኖሱን አነሣለሁ» ይላል፤ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ደግሞ ዳይስ ይጣልና ዕጣው ይወስነዋል። አያቶቻችን በእሳት ዳር ስለ ጅብና ስለ ቡዳ ሲያወሩልን ጸጥ ብለን እናዳምጥ ነበር፤ እዚህ ግን ሰሚው ራሱ በተረቱ ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ይህም ትንሽ ልዩነት አይደለም። በተረት የሰማነውን ክፉ ነገር ሌላ ሰው አደረገው እንላለን፤ በዚህ ጨዋታ ግን «አደረግሁ» የሚለው ተጫዋቹ ራሱ ነው።

ከእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ በተለይ ሰውን ለማስፈራት የተጻፉት ብዙ ክርክር አስነሥተዋል። አንዱ ወገን «የሰይጣን ትምህርት ቤት ናቸው» ሲል ሌላው ወገን «ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ማንንም አይጎዳም» ይላል። እኔ የክርክሩን ታሪክ ተከታትዬ ሳነብ ሁለቱም ወገኖች በየጊዜው አንድ ዓይነት ስሕተት ሲሠሩ አገኘኋቸው። ይኸውም በፊታቸው ያለውን የእውነተኛውን ሰው ሕመም በፈጠራ ጭራቅ መሸፈን ነው። ነገሩን ለማስረዳት ከመጀመሪያው ልጀምር። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ይህ ዓይነት ጨዋታ በመጽሐፍ ታትሞ ለገበያ የቀረበው በ1974 በአሜሪካ ነው። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች ደርሰው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ብለው ሰየሙት፤ አሳታሚው ቲ.ኤስ.አር. የተባለው ድርጅትም በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት ሌክ ጄኒቫ በምትባል ትንሽ ከተማ የተቋቋመ ነበር። ጨዋታው የወታደር አሻንጉሊት አሰልፈው ጦርነት ከሚጫወቱ ሰዎች ልማድ የተወለደ ነው። በውስጡ የሚገኘው ዋሻ፣ የተደበቀ ሀብት፣ ዘንዶ፣ ጠንቋይ፣ ይህን የመሰለ ነገር ነው። ለማስፈራት ተብሎ አልተጻፈም፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ጩኸት የተነሣው በእርሱ ላይ ስለ ሆነ ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም።

በ1979 በኦገስት ወር ከሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድ የ16 ዓመት ተማሪ ጠፋ። በዚያ ዕድሜው ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ብቻ ምን ያህል ብሩህ ልጅ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ዊልያም ዲር የተባሉ በቤተ ሰቡ የተቀጠሩ የግል መርማሪ፣ ልጁ ይህን ጨዋታ ይጫወት እንደ ነበረ ሰሙ፤ ምናልባትም ከዩኒቨርሲቲው ሕንፃዎች በታች የእንፋሎት ቧንቧ በሚያልፍባቸው ዋሻዎች ውስጥ ጨዋታውን በእውን ሲጫወት ጠፍቶ ይሆናል ብለው ግምታቸውን ተናገሩ። ጋዜጦች እንዲህ ያለ ወሬ ሲያገኙ አይለቁትም፤ ወሬው በጥቂት ቀን አገሩን ሞላው። ልጁ ግን ከአንድ ወር ያህል በኋላ እጅግ ርቆ በሉዊዚያና ተገኘ። ወደ ዋሻው ገብቶ የነበረውም ለጨዋታ ሳይሆን ሕይወቱን ሊያጠፋ አስቦ ነበር። ብቸኝነት፣ ቤተ ሰቡ በትምህርቱ ላይ የጣሉበት ትልቅ ተስፋ፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ ለማንም ሊነግረው ያልቻለው የልብ ጭንቀት ተደራርበውበት ነበር። በ1980 የራሱን ሕይወት አጠፋ።

መርማሪው ይህን ሁሉ በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ ገለጹ። ነገር ግን እውነቱ የመጣው ወሬው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። ሮና ጃፌ የተባሉ ደራሲ ከዚያው ወሬ በመነሣት በ1981 ልብ ወለድ አሳትመው ነበር፤ በ1982ም ቶም ሃንክስ የተጫወተበት የቴሌቪዥን ፊልም ሆነ። ሕዝቡ የያዘው በጨዋታ ብዛት አእምሮውን የሳተውን የልብ ወለዱን ልጅ ነው። እውነተኛውን ልጅ ምን እንደ ጨነቀው የሚጠይቅ ሲጠፋ፣ አገር ሁሉ ስለ ዘንዶና ስለ ዋሻ ይነጋገር ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ደግሞ የበለጠ ያሳዝናል። ፓትሪሺያ ፑሊንግ የተባሉ የቨርጂኒያ እመቤት በ1982 ወንድ ልጃቸው የራሱን ሕይወት አጠፋባቸው። ምክንያቱን ሲፈልጉ ልጃቸው በትምህርት ቤት ይጫወተው የነበረውን ጨዋታ አገኙ፤ በጨዋታው ውስጥ እርግማን ወርዶበት ነበር ብለው የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህርና አሳታሚውን ድርጅት ከሰሱ። ክሱ በፍርድ ቤት ተቀባይነት አላገኘም። በ1983 ጨዋታውን የሚቃወም ማኅበር አቋቁመው በየከተማው ለወላጆችና ለፖሊሶች ይናገሩ ጀመር። በ1984 ጃክ ቺክ የተባሉ የሃይማኖት ጽሑፍ አሳታሚ ጨዋታውን የጥንቆላ በር አድርጎ የሚያሳይ ባለ ሥዕል ትንሽ መጽሐፍ በተኑ፤ በ1985ም ወይዘሮ ፑሊንግና ሚስተር ጋይጋክስ «ሲክስቲ ሚኒትስ» በተባለው የታወቀ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርበው፣ እርሳቸው ሲከሱ እርሳቸው ሲከላከሉ አገር ሁሉ አየ።

እኔ በዚህች እናት ላይ ድንጋይ ለማንሣት እጄ አይታዘዘኝም። ልጇ የሞተባት እናት የምትይዘውን ነገር ብታጣ በእጇ የገባውን ትይዛለች። የምወቅሰው እርሷን አልከተልም ብሎ በጥሞና መመርመር ሲገባው ወሬውን እያራባ የኖረውን ነው። ማይክል ስታክፖል የተባሉ የጨዋታና የልብ ወለድ ደራሲ በ1990 የማኅበሩን ማስረጃ አንድ በአንድ መርምረው ጻፉ። አሳባቸው ቀላል ነው። ጨዋታውን የሚጫወቱት ወጣቶች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከሆኑ፣ በዚያ ዕድሜ ካሉት ወጣቶች መካከል በየዓመቱ ራሱን የሚያጠፋው ሰው ብዛት ከታወቀ፣ በተጫዋቾቹም መካከል ብዙ ሞት መገኘት ነበረበት፤ ማኅበሩ የዘረዘረው ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። «ሽሮ ከበሉ ሰዎች መካከል ይህን ያህሉ ሞቱ» ብሎ ሽሮን መክሰስ እንደማይቻል ሁሉ፣ ተጫውተው የሞቱትን ብቻ ቆጥሮ ጨዋታውን መክሰስም አይቻልም።

አሳታሚው ድርጅት ግን ጩኸቱ ስለ በዛበት በ1989 ጨዋታውን አሻሽሎ ሲያሳትም «ጋኔን» እና «ዲያብሎስ» የሚሉትን ስሞች አወጣ፤ በኋላም ማንም የማያውቃቸውን የፈጠራ ስሞች ተካባቸው። ፍጥረቶቹ ያው ነበሩ፤ ስማቸው ብቻ ተለወጠ። ይህም ክርክሩ ሁሉ ስለ ስም እንደ ነበረ ያሳያል።

አሁን በእርግጥ አስፈሪ ወደ ሆኑት ልምጣ። ከሁሉም የታወቀው በ1981 ኬኦሲየም የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት ያሳተመው፣ ሳንዲ ፒተርሰን የደረሱት «ኮል ኦቭ ከቱሉ» ነው። የታሪኩ መሠረት ከ1890 እስከ 1937 የኖረው ሃዋርድ ፊሊፕስ ላቭክራፍት የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ የጻፋቸው አጫጭር ልብ ወለዶች ናቸው። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ ጀግና አይደለም፤ ወይ የመጻሕፍት ቤት ሠራተኛ፣ ወይ ጋዜጠኛ፣ ወይ ሐኪም ነው። ሰይፍም አያድነውም። ከሌላው ጨዋታ የሚለየው አንድ ቁጥር አለው፤ እርሱም የአእምሮ ጤና ቁጥር ነው። ተጫዋቹ ሰው ሊያየው የማይገባውን ነገር ባየ ጊዜ ዳይስ ይጥላል፤ ዳይሱ ከቁጥሩ በላይ የወጣ እንደ ሆነ ቁጥሩ ይቀንስበታል፤ ዜሮ የደረሰ ዕለት ያ ሰው ከእጁ ወጥቶ የተራኪው ይሆናል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ሌላው ደንብ ነው፤ ተጫዋቹ ስለ ጭራቆቹ ምስጢር ያለው ዕውቀት በጨመረ መጠን የአእምሮው ጤና ሊደርስበት የሚችለው ከፍታ ዝቅ ይላል። ጭራቁን ለመግታት ማወቅ አለበት፤ ባወቀ ቁጥር ይጎዳል። ይህን ያሰበ ሰው ስለ ፍርሃት አንድ ነገር ገብቶታል።

ነገር ግን በዚህ ላይ የቀረበው ወቀሳ ከሰይጣን ጉዳይ የበለጠ እውነት ያለው ነው። በቤቱ አእምሮው የታወከ ወንድም ወይም እናት ያለችው ሰው፣ እብደት በዳይስ ተጥሎ ከዝርዝር ውስጥ ሲወጣና ተጫዋቾቹ ሲሥቁበት ቢያይ ምን ይሰማዋል? በመጻሕፍቱ ላይ የሰፈሩት የሕመም ስሞች በሆስፒታል ውስጥ ሰዎች በእውነት የሚሠቃዩባቸው ስሞች ነበሩ። ይህን ጥያቄ በ1980ዎቹ የጠየቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ስለ ጋኔን ይጨቃጨቅ ነበርና።

ሁለተኛው ወቀሳ በደራሲው በላቭክራፍት ላይ ነው። ይህ ሰው ጥቁሮችንና ከሌላ አገር የመጡ ስደተኞችን እጅግ ይንቅና ይጸየፍ ነበር። በ1920ዎቹ ጥቂት ዓመት በኒው ዮርክ ሲኖር በጎዳናው ያየው የልዩ ልዩ ሕዝብ ድብልቅ አስፈራው፤ ያን ፍርሃቱን ነው በ1925 በጻፈው የሬድ ሁክ ሰፈር ታሪክ ውስጥ ጭራቅ አድርጎ ያስገባው። ከባሕር ማዶ የመጡትን ድሆች ነዋሪዎች የአጋንንት አምላኪዎች አደረጋቸው። ስለ እርሱ ጠባይ የተነሣው ክርክር እየጠነከረ ሄዶ፣ በየዓመቱ ለምርጥ የምናብ ልብ ወለድ የሚሰጠው የዓለም አቀፍ ሽልማት የእርሱን ፊት የያዘ ምስል መስጠቱን በ2015 አቆመ።

ታዲያ ጥቁር ተጫዋች በዚህ ደራሲ ዓለም ውስጥ ምን ቦታ አለው? ክሪስ ስፓይቪ የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ደራሲ በ2017 «ሃርለም አንባውንድ» የተባለ መጽሐፍ አውጥተው መለሱ። ታሪኩን በ1920ዎቹ ወደ ሃርለም ወሰዱት፤ የአገራችንን የድሮ ስም የተሸከመችው አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በ1923 አዲሱን ሕንፃዋን ያቆመችው በዚሁ ሰፈር ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ዋነኞቹ ሰዎች ጥቁሮቹ ናቸው፤ ገጣሚው፣ ሙዚቀኛው፣ የሱቁ ባለቤት። ከጭራቁ ጋር ሲታገሉ ደግሞ የነጩን ፖሊስ ንቀትና የጎዳናውን ጥላቻ ሊረሱት አይችሉም። ስፓይቪ የላቭክራፍትን ጭራቆች አልጣሏቸውም፤ ላቭክራፍት ጭራቅ ያደረገውን ሰው ግን ወደ ሰውነቱ መለሱት።

በ1991 ኋይት ዎልፍ የተባለው የጆርጂያ ክፍለ ግዛት ድርጅት ማርክ ሬይን-ሄገን የደረሱትን «ቫምፓየር፡ ዘ ማስከሬድ» አሳተመ። ቫምፓየር ማለት በአውሮፓ ተረት ከመቃብር ተነሥቶ የሰው ደም እየጠጣ የሚኖር ፍጡር ነው። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ ጭራቁን አያድንም፤ ራሱ ጭራቁ ይሆናል። ደም መጠጣት፣ ግድያ፣ ምኞት፣ ክሕደት፣ ይህ ሁሉ በመጽሐፉ ውስጥ አለ። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ከዚህ የከፋ ነገር ያለ አይመስለውም።

ደንቡን የተመለከተ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። እያንዳንዱ ቫምፓየር እስከ 10 የሚደርስ የሰውነት መለኪያ አለው። ክፉ ሥራ በሠራ ጊዜ ተጫዋቹ ዳይስ ይጥላል፤ ኅሊናው ካልያዘው መለኪያው ይወርዳል፤ ወርዶ ወርዶ ያለቀ ዕለት አውሬ ብቻ ሆኖ ከተጫዋቹ እጅ ይወጣል። የጨዋታው ፍርሃት እንግዲህ ከውጭ የሚመጣ አይደለም፤ «ለመኖር ብዬ ያደረግሁት ነገር ምን እያደረገኝ ነው?» የሚል ነው። እንደ እኔ አስተያየት ብዙ የምክር መጻሕፍት ይህን ያህል ግልጽ አድርገው አልተናገሩትም። በእርግጥ ሁሉም ተጫዋች እንዲህ አድርጎ ተጫውቶታል አልልም፤ ብዙዎች ጥቁር ካፖርት ለብሰው መንጎራደዱን ብቻ ወደዱት።

በ1996 በኖቬምበር ወር ከኬንታኪ የመጡ ጥቂት ወጣቶች በፍሎሪዳ አንድ ባልና ሚስት ገደሉ፤ መሪያቸው የ16 ዓመት ልጅ ሲሆን ራሱን ቫምፓየር ነኝ ይል ነበር፤ ይህንንም ጨዋታ ተጫውቶ ነበር። ጋዜጦቹ የ1979ኙን መዝሙር እንደ ገና ጀመሩት። የልጁ የልጅነት ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበረ በፍርድ ቤት በሰፊው ተነገረ፤ ነገር ግን በአርእስት የወጣው ቫምፓየሩ ነው። የሞቱትም ሁለቱ ሰዎች የቫምፓየር ታሪክ ጌጥ ሆነው ቀሩ።

እስካሁን የተናገርሁት ከሳሾቹ የሠሩትን ስሕተት ነው። የጨዋታዎቹ ጸሐፊዎች ግን ንጹሓን አልነበሩም፤ ይህን ሲናገሩ የሚሰማው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም በሐሰት የተከሰሰ ሰው እውነተኛውንም ወቀሳ እንደ ሐሰት መስማት ይለምዳል።

ይኸው ኋይት ዎልፍ በ1994 ስለ ሮማ ሕዝብ፣ በሰፊው «ጂፕሲ» ስለሚባሉት፣ አንድ መጽሐፍ አወጣ። በመጽሐፉ ውስጥ እነዚህ ሰዎች በደማቸው አስማት ያላቸው ተንከራታቾች ናቸው፤ ለተጫዋቹም «የደም ጥራት» የሚባል መለኪያ ተሰጥቶታል። ልብ በሉ፤ ናዚዎች የሮማን ሕዝብ እየሰበሰቡ በአውሽቪትስ የፈጁት የደማቸውን ጥራት እየለኩ ነበር። ጸሐፊዎቹ ክፉ አስበው ጻፉት አልልም። ሮማን የሚያውቋቸው ከፊልምና ከተረት ብቻ ነበርና በተረት ውስጥ ያለውን ሰው በእውነት ካለው ሰው ላይ ጫኑበት።

ያው ድርጅት ከሦስት ዓመት በኋላ ያደረገው ነገር ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። በ1994 ያወጣው «ሬይዝ፡ ዘ ኦብሊቪየን» የተባለ ሌላ ጨዋታ ነበረው፤ በእርሱም ተጫዋቾቹ የሞቱ ሰዎች መናፍስት ይሆናሉ። በ1997 ለዚህ ጨዋታ ተጨማሪ የሚሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለ ተፈጁት 6 ሚሊዮን አይሁድ የሚናገር መጽሐፍ ታተመ። ዋርሶና አውሽቪትስ በስማቸው ተጠርተው በውስጡ ይገኛሉ። መጽሐፉ ሊወጣ ነው ሲባል ብዙ ሰው ተቆጣ፤ «በዚህ ነገር ሊጫወቱበት ነውን?» አለ። ቁጣው ተገቢ ነበር። መጽሐፉን ያነበቡት ግን ሟቾቹ የሚመሰክሩበት የመታሰቢያ መጽሐፍ ሆኖ አገኙት። ከሁሉ የሚበልጠው ነገር፣ ጸሐፊዎቹ ጭፍጨፋውን የጭራቅ ሥራ አላደረጉትም። ቫምፓየርና ጋኔን በሞላበት ዓለም ውስጥ ይህን የሠራው ሰው፣ ሰው ብቻ ነው ብለው ቆሙ።

መጽሐፉ የወጣው ድርጅቱ ለዐዋቂዎች ብቻ ለሚሆኑ መጻሕፍት ባቆመው በ«ብላክ ዶግ» ስም ነው። ይህን ምልክት ያየ ወጣት የተከለከለ ጣፋጭ ነገር ያለበት ይመስለዋል፤ እውነትም በዚያ ስም ከወጡት መጻሕፍት አንዳንዶቹ ደምና እርቃን ከማብዛት በቀር ሌላ ብስለት አልነበራቸውም። የዕድሜ ምልክት የአንባቢውን ዕድሜ ይናገራል እንጂ የጸሐፊውን ብስለት አይናገርም።

አሁን በ2018 ወደ ሆነው ነገር እመጣለሁ። በዚያን ጊዜ የኋይት ዎልፍ ባለቤት ከ2015 ጀምሮ ፓራዶክስ ኢንተራክቲቭ የተባለው የስዊድን ድርጅት ነበር፤ የቫምፓየሩም ጨዋታ ለአምስተኛ ጊዜ ተሻሽሎ ታትሞ ነበር። ለእርሱ ተጨማሪ ሆኖ በወጣው «ካማሪላ» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ቼችኒያ የሚናገር ክፍል ነበረ። ቼችኒያ በደቡብ ሩሲያ በካውካሰስ ተራራ አጠገብ የምትገኝ ትንሽ አገር ናት። «ኖቫያ ጋዜታ» የተባለው የሞስኮ ጋዜጣ በ2017 በኤፕሪል ወር፣ በዚያ አገር ተመሳሳይ ፆታ ይወዳሉ ተብለው የተጠረጠሩ ወንዶች እየተያዙ በምስጢር እስር ቤት እንደሚደበደቡ፣ የተገደሉም እንዳሉ ገልጾ ነበር። ያመለጡት ወደ ሌላ አገር ተሰደዱ። ያልተሰደዱት በየቤታቸው ተደብቀው ነበር።

መጽሐፉ ይህን ነገር ወስዶ ምን አደረገው? ቼችኒያን ቫምፓየሮች በግልጽ የሚገዟት አገር አደረጋት፤ የእነዚያን ሰዎች መያዝና መሠቃየት ደግሞ ዓለም ቫምፓየሮቹን እንዳያይ ዓይኑን ወደ ሌላ ለመመለስ የተደረገ ማዘናጊያ ነው አለ። ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሥቃዩ ከታተመ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ የተሠቃዩት በሕይወት አሉ፤ ያሠቃዩአቸውም በሥልጣን ላይ ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ወንጀሉን ከወንጀለኛው ላይ አንሥቶ ለጭራቅ መስጠት ወንጀለኛውን ነጻ ማውጣት ነው። እነዚያ ሰዎች እውነተኛ ሥቃያቸው «ማዘናጊያ» ተብሎ መነገሩ ደግሞ ሁለተኛ ዱላ ነው። አንባቢዎቼ ስለ ሰዎቹ ጠባይ የየራሳችሁ አሳብ ሊኖራችሁ ይችላል፤ የተደበደበን ሰው ጩኸት መቀለጃ ማድረግ ግን ከዚያ አሳብ ጋር ግንኙነት የለውም።

በ2018 በኖቬምበር ወር ተቃውሞው ተነሣ። የሚገርመው የዚህ ጊዜ ተቃዋሚዎች ጨዋታውን የማያውቁ ወላጆችና ሰባክያን አልነበሩም፤ ለብዙ ዓመት ሲጫወቱት የኖሩ፣ የሚወዱት ሰዎች ናቸው። ኋይት ዎልፍ ይቅርታ ጠየቀ። ባለቤቱ ድርጅት የቼችኒያው ክፍል ከመጽሐፉ እንዲወጣ አደረገ፤ ኋይት ዎልፍም ከእንግዲህ ራሱ መጽሐፍ ማዘጋጀትና ማሳተም እንዲያቆም ተወሰነ። በ1980ዎቹ ስሞቹን ለማስለወጥ ብዙ ዓመት ፈጀ፤ በ2018 ግን ጥቂት ቀን በቃ።

አንዳንድ ሰው «ድርሰት ሁልጊዜ ከእውነተኛ ሰቆቃ ይቀዳል፤ ይህን ከከለከልን ምን ይጻፋል?» ብሎ ይከራከራል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ እኔም በከልካዮች ወገን አልቆምም። ለዚህ ነው የ1997ቱን መጽሐፍ አስቀድሜ ያነሣሁት። ያም መጽሐፍ ከእውነተኛ ሰቆቃ፣ ያውም ከሁሉ ከሚበልጠው ሰቆቃ የተቀዳ ነው። ነገር ግን ጥፋተኛውን ሰው ብሎ ጠራው፤ ለሟቹም ቃል ሰጠው። የ2018ቱ ጥፋተኛውን ጭራቅ አለው፤ ለተበዳዩም አንድ ቃል አልተወለትም።

ከመጻሕፍቱ ሌላ በጠረጴዛው ዙሪያ የሚሆነው ነገር አለ፤ መጽሐፍ ማንንም ላይጎዳ አብሮ የተቀመጠ ሰው ሊጎዳ ይችላልና። ተራኪው አንድ ልጅ ስትደፈር በዝርዝር ይተርካል፤ ከተቀመጡት አንዷ ይህ ነገር በእውነት የደረሰባት ብትሆን ተራኪው አያውቅም። እርሷም ተነሥታ ብትሄድ ለምን ሄድሽ ትባላለች፤ ብትቀመጥ ትታመማለች። ይህን ችግር ያዩ ሰዎች መላ ፈለጉ። ሮን ኤድዋርድስ የተባሉ ደራሲ በ2003 «መስመር» እና «መጋረጃ» የሚል አሳብ ጻፉ። መስመር ማለት በዚህ ጨዋታ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ የተባለ ነገር ነው፤ መጋረጃ ማለት በታሪኩ ውስጥ ቢኖርም ከመጋረጃ ኋላ ይሁን፣ አይተረክ የተባለ ነው። ተጫዋቾቹ ከመጀመራቸው በፊት ተነጋግረው ይወስናሉ።

በ2013 ደግሞ ጆን ስታቭሮፑሎስ የተባሉ ሰው ከዚህም የቀለለ ነገር አመጡ። በተራ ወረቀት ላይ ትልቅ የመስቀለኛ ምልክት ተሥሎ በጠረጴዛው መካከል ይቀመጣል። ታሪኩ ወደማይችለው ነገር የሄደበት ሰው ወረቀቱን ይነካል፤ ያን ጊዜ ያ ነገር ከታሪኩ ይወጣና ጨዋታው ይቀጥላል። ለምን ነካህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሰውየውም ምክንያቱን የመናገር ግዴታ የለበትም። የቆዩ ተጫዋቾች «ሊያቆሙት የሚችሉት ፍርሃት ምን ፍርሃት ነው?» ብለው ተሣለቁ። እኔ ግን በተቃራኒው ይመስለኛል፤ ፍሬኑ እንደሚይዝ ያወቀ ሹፌር ነው ወደ ገደሉ አፋፍ የሚጠጋው። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ጨዋታው እስኪያልቅ ማንም ሳይነካው በቦታው ተቀምጦ ይቀራል።

በ2019 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ትልቅ የጨዋታዎች ትርኢት ተደርጎ ነበር፤ በየጠረጴዛው ከዚህ በፊት የማይተዋወቁ ሰዎች ተመዝግበው አብረው ይጫወቱ ነበር። በአንደኛው ጠረጴዛ ተራኪው ለተጫዋቾቹ የወጣቶች ሚና ሰጣቸው፤ ከዚያም ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ፣ እነዚያ ወጣቶች በብዙ ሰዎች ተደፍረዋል ብሎ ተረከ። ተጫዋቾቹ ደንግጠው ለአዘጋጆቹ አመለከቱ። አዘጋጆቹ የሰውየውን የቀሩ ጨዋታዎች ሁሉ ሰረዙ፤ ዳግመኛም በትርኢቱ ላይ ጨዋታ እንዳይመራ ከለከሉት፤ ተጫዋቾቹንም ይቅርታ ጠየቁ።